አጥንቱን ማን አነሳው?

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2018 በፈረንሳይዋ ካን ከተማ፣ በየዓመቱ በሚካሄደው የፊልም ፌስቲቫል ላይ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው አንድ አሮጌ ፊልም ታየ። ፊልሙ የስታንሊ ኩብሪክ «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ነው። ቅጂው ከመጀመሪያው ኔጋቲቭ በ70 ሚሊ ሜትር የታተመ፣ የኮምፒውተር እጅ ያላረፈበት ነበር። ይህን ያሠራውና ለተመልካቹ ያስተዋወቀው ዝነኛው ዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን ነው። ከተጋባዦቹ መካከል የኩብሪክ ልጅ ካታሪና ነበረች። የፊልሙ መሪ ተዋናይ ኪር ዱሌይም ነበር። ያን ጊዜ የ81 ዓመት አዛውንት።

ፊልሙን ያየ ሰው የዚህ ነገር ትርጉም ወዲያው ይገባዋል። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ጠፈርተኛው ዴቪድ ቦውማን ጁፒተርን አልፎ አንድ እንግዳ ክፍል ውስጥ ይገኛል። ዞር ሲል ያረጀ ራሱን ያያል። ያ ያረጀው ደግሞ ከእሱ የባሰ ያረጀ፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ የሚሞት ራሱን ያያል። ዱሌይ ይህን ሲተውን ሠላሳ ዓመት ገደማው ነበር፤ ሽበቱም የፊቱ መጨማደድም ሜካፕ ነው። በካን አዳራሽ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሜካፕ የማያስፈልገው ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የሠላሳ ዓመቱን ራሱን አየ።

መቼም የድሮ ፊልም ከባለቤቱ ጋር ማየት ሌላ ነው። ዱሌይና የሥራ ባልደረባው ጋሪ ሎክውድ ላለፉት አሥርት ዓመታት በየአገሩ እየተጋበዙ ይህን ፊልም ከተመልካች ጋር ሲያዩ፣ ጥያቄም ሲመልሱ ኖረዋል። ሁሌም የሚጠየቁት አንድ ዓይነት ነገር ነው። «የትኛው ትንቢት ደረሰ? የትኛውስ ከሸፈ?» ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ከፊልሙ ግማሹን ብቻ የሚነካ ይመስለኛል። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት እስቲ ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር።

ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 1968፣ በእኛ መጋቢት 24 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኮኔቲከት ጎዳና ላይ ያለው አፕታውን ቲያትር። (ቤቱ በ2020 ተዘጋ።) በማግስቱ ኒውዮርክ ላይ ታየ። አቀባበሉ ግን ቀዝቃዛ ነበር። የመጀመሪያው ቃል የሚሰማው ከ25 ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚታየው በረሃ፣ ዐለትና የሚጮኹ ሰው መሰል ዝንጀሮዎች ናቸው። መሐል ላይ እየተነሳ የወጣው ሰው ብዙ ነበር። ስመ ጥር ሐያስያንም በጋዜጣ ላይ ደበደቡት። ኩብሪክ መቀሱን አነሳና 19 ደቂቃ ያህል ቆረጠለት፤ 161 ደቂቃ የነበረው 142 ሆነ። ሥራው የጀመረው በ6 ሚሊዮን ዶላር በጀት ሲሆን ሲያልቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ በልቷል። ስቱዲዮው ገንዘቤ ቀልጦ ቀረ ብሎ ሳይሰጋ አልቀረም። ያዳነው ወጣቱ ተመልካች ነው። ወላጆቹ «ምን ለማለት ነው?» እያሉ ሲወጡ፣ ልጆቹ «ገብቶን ሳይሆን ገርሞን» እያሉ ደጋግመው ገቡ።

ከዚያ ምርቃት ሁለት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 4፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ውስጥ ተገደለ። ያችው ዋሽንግተን ጋየች። በእሳቱ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የጥቁሮች የንግድና የሙዚቃ መናኸሪያ የነበረው የዩ ጎዳና ሰፈር ነው። ከዓመታት በኋላ ከአገራቸው የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት የከፈቱት፣ የአገሩ ሰው እንጀራ በወጥ መጉረስ የለመደው እዚያው ሰፈር ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያች ከተማ ሰው ጨረቃ ላይ ሆኖ ሲዝናና በስክሪን አየች፤ ሰው የሰውን ቤት ሲያቃጥል ደግሞ በመስኮት አየች።

ስለ ሥራው ጥቂት ልበል፤ ማወቁ ፊልሙን ለማየት ይረዳልና። ጠፈር ላይ ተቀረጸ የሚመስለው ሁሉ የተሠራው እንግሊዝ አገር፣ ቦርሃምዉድ በሚባል ቦታ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ጠፈርተኞቹ በክብ ግድግዳ ላይ ሲሮጡ የሚታዩበትን መርከብ ለመሥራት የጦር መሣሪያና የአውሮፕላን ሠሪው የቪከርስ ኩባንያ 30 ቶን የሚመዝን፣ ወርዱ 12 ሜትር ገደማ የሆነ ተሽከርካሪ ጎማ ሠራ። ሰውየው ታች ባለበት ሆኖ ይሮጣል፣ ቤቱ በሙሉ ይዞራል። ዱሌይ ያለ ራስ መከላከያ ከትንሿ መንኮራኩር ወደ መርከቡ የሚወረወርባትን ዝነኛ ትዕይንትም ራሱ ነው የሠራት። በሽቦ ተንጠልጥሎ ከከፍታ ወደታች ተለቀቀ፤ ካሜራው ከሥር ሆኖ ቀረጸው።

ዱሌይ በየመድረኩ የሚያወሳት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። በመጨረሻው ክፍል ሽማግሌው ቦውማን እራት ሲበላ ብርጭቆ በእጁ ነክቶ ይሰብራል። ጎንበስ ይልና ቀና ሲል አልጋው ላይ የሚሞተውን ራሱን ያያል። ብርጭቆውን የመስበሩ ሐሳብ የተዋናዩ የራሱ ነው። ዞር ለማለት አንድ ምክንያት ፈልጎ ለኩብሪክ ነገረው፤ ኩብሪክም «ይሁን» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ብርጭቆ ያልተጻፈ ፍልስፍና የለም! ተዋናዩ የፈለገው ግን አንገቱን የሚያዞርበት ሰበብ ነበር።

እንግዲህ ወደ ትንቢቱ። ይህን እንኳ ማንም ሊያሰላው ይችላል። ፊልሙ ላይ ተሳፋሪ ወደ ጠፈር የሚያመላልሰው ፓንአም አየር መንገድ ነው፤ ፓንአም በ1991 ከስሮ ተዘጋ። የሶቪየት ሳይንቲስቶች በ2001 ጠፈር ላይ ከአሜሪካኖች ጋር ሲያወጉ ይታያሉ፤ ሶቪየት ኅብረትም በዚያው በ1991 ፈረሰች። ጨረቃ ላይ የተቆረቆረው ከተማ የለም። ሰው በ1969 ወጥቶባት በ1972 ከተመለሰ ወዲህ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሳይረግጣት ቆይቷል። በአንጻሩ በምስል መነጋገሩ እጃችን ላይ አለ። ጠፈርተኞቹ ምግብ እየበሉ ዜና የሚያዩባት ጠፍጣፋ ሰሌዳም አለች። እንዲያውም አፕል ሳምሰንግን «ታብሌቴን ቀዳህ» ብሎ ሲከስሰው፣ ሳምሰንግ በ2011 ፍርድ ቤት ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዷ ይህችው የፊልም ቁራጭ ነበረች። «ሐሳቡ ያንተ አይደለም፣ ኩብሪክ አስቀድሞታል» ነው ነገሩ።

እኛማ ለዚህ ሒሳብ አንድ ትርፍ አለን። ፈረንጅ አንድ 2001 ነው ያለው፤ እኛ ሁለት። የመጀመሪያው ሲያልፍ የፊልሙን ጨረቃ አላየንም። የራሳችን 2001 ዓ.ም. የገባው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2008 ነው፤ እሱም አለፈ። ኩብሪክ አንዱንም አላየም፤ በማርች 1999 ሞተ። ታሪኩን ከእሱ ጋር የጻፈው አርተር ሲ. ክላርክ ግን የፈረንጆቹን 2001 አልፎ እስከ ማርች 2008 ኖረ። የኛን 2001 በስድስት ወር አመለጠው!

ይሄ ሁሉ ስለ መጪው ጊዜ ነው። ስለ መጪው ጊዜ መሳሳት ደግሞ ነውር የለውም፤ ማን አይቶት? የሚገርመው ሌላው ነው። ፊልሙ ሁለት ዘመናትን ነው የሚያሳየው፤ አንዱ 2001፣ ሌላው ከአራት ሚሊዮን ዓመት በፊት። ሁሉም ሰው የሚፈትነው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ያለፈ ስለሆነ የማይለወጥ ይመስላል። ግን ተለውጧል። የለወጠው ደግሞ በአብዛኛው የኛው አፈር ነው።

ፊልሙ የሚጀምረው አፍሪካ ውስጥ ነው። (ሥዕሉ ከናሚብ በረሃ የተነሣ ፎቶግራፍ ሲሆን ተዋናዮቹ ስቱዲዮ ውስጥ ከፊቱ ቆመው ነው የተቀረጹት።) የተራቡ ሰው መሰል ዝንጀሮዎች ሣር ይጭራሉ፣ ለአንድ ኩሬ ውኃ ከሌላ መንጋ ጋር ይጯጯሃሉ። ነብር ዘሎ አንዱን ይጥላል። አንድ ቀን ጥቁር ድንጋይ ከየት መጣ ሳይባል ቆሞ ያገኛሉ፤ ይነኩታል። ከዚያ አንዱ ከአጥንት ክምር ፊት ቁጢጥ ብሎ ይቆይና አንድ የጭን አጥንት ያነሳል። ይመታል። ይሰብራል። አራዊት ይገድላል፣ ሥጋ ይበላል። በመጨረሻ ኩሬው ዳር የጠላቱን መንጋ መሪ በአጥንቱ ቀጥቅጦ ይገድላል። ደስታው ሲያሰክረው አጥንቱን ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ አጥንቱ ሲወርድ በአንድ ቅጽበት ጠፈር ላይ የምትንሳፈፍ መንኮራኩር ይሆናል። ፈጣሪዎቹ ያቺን መንኮራኩር መጀመሪያ ያሰቧት የኒውክሌር መሣሪያ ተሸካሚ አድርገው ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዱላው አደገ እንጂ አልተለወጠም። ሰው ሰው የሆነው በገደለ ቀን ነው።

ይህ ሐሳብ ከሰማይ አልወረደም። በደቡብ አፍሪካ ያስተምር የነበረው አውስትራሊያዊው ሬይመንድ ዳርት በ1924 «የታውንግ ልጅ» የተባለውን የራስ ቅል ያገኘና በማግስቱ ዓመት ለዓለም ያሳወቀ ታላቅ ሰው ነው። የሰው ዘር መነሻ አፍሪካ ነው ሲል ብዙ ጊዜ ተሹፎበት ኋላ ላይ እውነተኛነቱ ተረጋግጧል። ታዲያ ይኸው ሰው ማካፓንስጋት በሚባል ዋሻ የተሰባበሩ አጥንቶችን ክምር አየና «እነዚህ የጥንት አባቶቻችን መሣሪያዎች ናቸው፤ በአጥንት፣ በጥርስና በቀንድ ይገድሉ ነበር» አለ። ሮበርት አርድሬይ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ይህን ወስዶ በ1961 «አፍሪካን ጄነሲስ» በተባለ መጽሐፍ ዓለምን አዳረሰው። ሁለት የዓለም ጦርነት ያየ፣ አቶሚክ ቦምብ የፈነዳበት ትውልድ ነበርና በቀላሉ ተቀበለው። ኩብሪክና ክላርክም ከዚሁ ምንጭ ቀዱ። ልብ በሉ፤ ሐሳቡ የሚያጽናና ጎንም አለው። ገዳይነት በደማችን ካለ ማን ማንን ይጠይቃል?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አጥንት ግን ይናገራል። የዳርትን ክምር እንደገና የመረመረው ቦብ ብሬይን የተባለ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪ ነው። ነብርና ጅብ በልተው የሚተዉትን አጥንት ከዋሻው አጥንት ጋር አስተያየ። አሰባበሩ አንድ ሆኖ ተገኘ። ይባስ ብሎ ስዋርትክራንስ ዋሻ የተገኘ አንድ የራስ ቅል ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ የነብር ክራንቻ ልክክ አለባቸው። ብሬይን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕሱን ጥያቄ አደረገው፤ አዳኞች ወይስ ታዳኞች? የታውንግ ልጅም ቢሆን በ1990ዎቹ እንደገና ሲመረመር የንስር ሲሳይ ሆኖ እንደነበር ተነገረ። ገዳይ ናቸው ተብለው ምስክር የቆመባቸው ራሳቸው የተበሉ ነበሩ!

ፊልሙን ይህን አውቆ ዳግመኛ ለሚያይ ሰው ያ ነብር ትልቅ ነገር ነው። ኩብሪክ እውነቱን ስክሪኑ ላይ አስቀምጦት ነበር። ነብሩ ዘሎ ሲይዝ፣ ሌሊት ዓይኑ እያበራ በተገደለ እንስሳ ላይ ተጋድሞ ሲጠብቅ ይታያል። ፊልሙ ግን አልፎት ወደ አጥንቱ ሄደ። በነገራችን ላይ እነዚያ ዝንጀሮዎች የሚገድሉት እንስሳ ታፒር ይባላል፤ አፍሪካ ውስጥ የሚኖር እንስሳ አይደለም። ይህንንም እንለፈው።

አሁን ወደ አገር ቤት ልምጣ። ፊልሙ ከታየ ስድስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ አንዲት የክንድ አጥንት አዩ። ድንቅነሽ ናት። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከትንሽ። አጽሟ አርባ በመቶ ያህል ተገኝቷል። ቆማ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፤ አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ እምብዛም አይበልጥም። ሰው መጀመሪያ ቆመ፣ ጭንቅላቱ ኋላ አደገ ማለት ነው። በአጠገቧ የመግደያ ዱላ አልተገኘም። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እንዲያውም ከዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም ብሏል፤ ያልተስማሙ ምሁራን አሉ። ፊልሙ አጥንት ወደ ሰማይ ያጉናል፤ እሷ ከላይ ወደ ምድር ወደቀች።

ከእሷም በፊት አርዲ አለች፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት፣ ልክ ፊልሙ ያለበት ዘመን አካባቢ። የመጀመሪያውን ቁራጭ በ1994 አራሚስ ላይ ያገኘው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ ሙሉ ጥናቱ በ2009 ወጣ። ከአጥኚዎቹ አንዳንዶቹ ትኩር ብለው ያዩት የወንዶቹን ክራንቻ ነው። እንደ ቺምፓንዚ ረጅምና ስለታም አይደለም፤ አጥሯል። ይህ ወንዶቹ እርስ በርስ መናከሱን የቀነሱ ለመሆናቸው ምልክት ነው ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም፤ ሆኖም ጥያቄው ራሱ ከዳርት ዘመን ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል።

መሣሪያስ? መሣሪያውም ከዚያው ነው። ስለሺ ሰማው ጎና ላይ ያጠናቸው ስለታም ድንጋዮች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል። በቡሪ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት በድንጋይ የተፋቁና መቅኒያቸው እንዲወጣ የተሰበሩ የእንስሳት አጥንቶች ተገኝተዋል። እንግዲህ አጥንትና መሣሪያ የተገናኙበት ማስረጃ ይህን ይመስላል። አጥንቱ መምቻ አልነበረም፤ ምግብ ነበር። የተራበ ሰው፣ ምናልባትም ነብርና ጅብ የተዉትን፣ ቀጥቅጦ መቅኒውን መጠጠ። ለቤተሰቡም ይዞ ሄደ ብንል ያው ግምት ነው፤ ግን ከገዳዩ ዝንጀሮ የባሰ ግምት አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ድንቅነሽ የተገኘችበትን ቀን ስጽፍ የዋዜማውን ቀን ያላስታወሰ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ደርግ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በነጋታው እሑድ ሐዳር ላይ ያች አጥንት ታየች። የዚያች ሰንበት ኢትዮጵያ በአንድ በኩል የሰውን ልጅ እናት አገኘች፤ በሌላ በኩል ልጆቿ የሚገቡበት ጉድጓድ ተቆፈረ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየቤቱ አንድ ፎቶግራፍ አለ።

ታዲያ ፊልሙ ትክክል ነበር ማለት ነው? አይደለም። ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። መግደላችንን ማን ካደ? ከዝንጀሮው ይልቅ የተማረው፣ ደንብ ያወጣው፣ ቃለ ጉባኤ የያዘው ሰው ነው ስልሳውን ያስረሸነው። ይህን ለአራት ሚሊዮን ዓመት አጥንት ማሸከም ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። «ተፈጥሯችን ነው» ማለት «ማንም አልወሰነም» ማለት ነውና። ወስነዋል። እጅ አውጥተው ወስነዋል። ቃየልን እንኳ መጽሐፉ «ዘርህ ነው» ብሎ አላለፈውም፤ «ወንድምህ ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው እንጂ።

ይህ ነገር ፊልሙን ያሳንሰዋል ወይ? እኔ አላሳንሰውም። ዳርትም ተሳስቶ ታላቅ ነው፣ ኩብሪክም። እንዲያውም የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ የመጀመሪያውን የሚያርም ይመስለኛል። መርከቡን የሚመራው ኮምፒውተር ሃል ይባላል። ድምፁ ለስላሳ፣ ትሁት፣ የማይቆጣ ነው፤ ጠፈርተኞቹንም ይገድላል። ያ ድምፅ የካናዳዊው ተዋናይ ዳግላስ ሬይን ሲሆን ሬይን የተቀዳው ከቀረጻው በኋላ ነው። ዱሌይ ሲተውን ከፊቱ የነበረው አንድ ረዳት ዳይሬክተር ነው፤ የለንደን መንደሬ አማርኛ ቢኖር በዚያ ቅላፄ የሃልን ቃል ያነብለት ነበር። ሳቁን ይዞ እንዴት እንደተወነ እሱ ያውቃል! በ1968 ተመልካቹ ሃልን እንደ ተረት ሰማው። ዛሬ ከማሽን ጋር በየቀኑ የሚነጋገር ሰው ሲሰማው ግን ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ልብ ብሎ ለሚያይ፣ ሃል ዝንጀሮ አይደለም። የተራበ የለውም፣ ክራንቻ የለውም፣ የአፍሪካ በረሃ አላሳደገውም። የገደለው ሰዎች አደራ ስለሰጡትና እውነቱን እንዲደብቅ ስላዘዙት ነው። ክፋቱ ከደም አልመጣም፤ ከትእዛዝ ነው የመጣው። ይህን በቀጥታ የሚነግረን በ1984 የወጣው ተከታይ ፊልም ሲሆን ዱሌይ እዚያም ላይ ቦውማን ሆኖ ተመልሷል።

አሮጌ ፊልም እንደገና ማየት ጥሩ ነው የምለው ለዚህ ነው። ፊልሙ ያው ነው፤ አንድ ምስል አልተጨመረበትም። የተጨመረው እኛ ጋ ነው። መጪው ያሉት ዘመን አለፈ፤ ያለፈው ያሉት ዘመን ደግሞ ከመሬት ተቆፍሮ ሌላ ነገር ሆነ። አዲስ አበባ ያላችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ በሉ። ፊልሙን አስቀድማችሁ እዩትና ሂዱ። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ «ከምን መጣን?» ብለው ሲጠይቁ የምትሰጡት መልስ ቀላል ነገር አይደለምና። «ከገዳይ» ብሎ መልሶ ማደግ አለ፤ «ቆማ መሄድ ከጀመረች፣ አውሬ ከሚያሳድዳት ትንሽ ፍጥረት» ብሎ መልሶ ማደግም አለ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ልጅ አያሳድጉም።

ቸር እንሰንብት።